ወደቡ ይታያል፣ ዓሣው የለም

እንደምን አመሻችሁ! ጋሼ፣ እትዬ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ።

የእቁባችን ዳኛ ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ወደ ግሬናዳ ያደረግነውን ጉዞ ሪፖርት እንዳቀርብ አዞኛል። ሂሳቡን ጸሐፊያችን ያነብላችኋል። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ማታ ልናገር ነው። አብራችሁኝ የሄዳችሁት የትኛው ማታ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እስካሁን አልወጣልኝም።

መቼም እንተዋወቃለን። ግማሻችን አብሳይ ነን፣ ግማሻችን አስተናጋጅ። እዚህ ዋሽንግተን ሌላው ሲበላ ቆመን ነው ዕድሜያችን የሄደው። ሁለት ዓመት ተኩል እቁብ የጣልነው ለአንድ ጊዜ እንኳ እኛም ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ተቀምጠን፣ ባሕር እያየን እንድንስተናገድ ነበር።

ቦታውስ ቦታ ነው። ሴንት ጆርጅስ፣ በእኛ አፍ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ተራራ ላይ የተደረደረች የግሬናዳ ዋና ከተማ ናት። ወደቧን ካሪናጅ ይሉታል። ድሮ መርከብ በጎኑ አጋድመው ሆዱን የሚጠርጉበት ስለነበር ነው። እንደ ፈረስ ኮቴ ጎበጥ ያለ ነው፤ ከበላዩ ፈረንሳዮች የጀመሩት ምሽግ ይታያል። ማታ መብራቱ ውሃው ላይ ሲወርድ እትዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

የዚያን ዕለት ጧት ጉያቭ ወርደን ነበር፣ የዓሣ አጥማጆቹ ከተማ። ክንፉ ቢጫ የሆነውን ትልልቅ ቱና ከጀልባ ሲያወርዱ አየን። አንዱ አጥማጅ ጥሩ ጥሩው በአውሮፕላን አሜሪካ እንደሚሄድ ነገረን። ምናልባት እኛው ቆራርጠነው ይሆናል።

ማታ ወደቡን የሚያሳይ ምግብ ቤት ተቀመጥን፣ ሜኑው መጣ። ሳልመን። የኒውዚላንድ በግ። የአሜሪካ ስቴክ። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ውሃ የወጣ አንድ ዓሣ የለም! ከደሴቲቱ የመጣ ነገር ቢኖር ሩሙ ላይ የተፈገፈገው ገውዝ ብቻ ነው። አስተናጋጇን ጠራሁና «ኦይል ዳውን አላችሁ?» አልኳት። ብሔራዊ ምግባቸው ነው። ልጅቷ ወደ ኩሽናው ዞር ብላ አየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሱ የቤት ምግብ ነው ጌታዬ፣ ለእንግዳ አይቀርብም» አለችኝ።

ያቺ ድምፅ አጥንቴ ውስጥ ገባች። ለምን መሰላችሁ? አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆቴል ስሠራ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ አንድ እንግዳ ሽሮ ጠይቆኝ «የሠራተኛ ምግብ ነው» ብዬ መልሼዋለሁ። አለቆቼ እንደዚያ አስተምረውኛል። እኔም አምኜበት ነበር። ያን ሰውዬ ዛሬ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ኦይል ዳውን ለምን እንደሚደበቅ ልንገራችሁ። ብሬድፍሩት የሚባለው ፍሬ ወደ ካሪቢያን በመርከብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1793 ነው። የሸንኮራ እርሻ ጌቶች በርካሽ ባሪያ የሚቀልቡበት ፈልገው ነው ያስመጡት። ጨው የተነከረው ዓሣም ያው ለባሪያ የሚሰፈር ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን ያንን ቀለብ ወስደው፣ ኮኮናት ጨምቀው፣ እርድ ጨምረው፣ የጎደሬ ቅጠል ደራርበው ምግብ አደረጉት። አዎ፣ ጎደሬ! የእኛው የደቡቡ ጎደሬ። እነሱ ቅጠሉን ካላሉ ይሉታል።

ልጅቷ ሂሳብ ስታመጣ «እሁድ ቤታችን ኑ» አለችን። ሄድን። ግቢ ውስጥ በእንጨት እሳት ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ጎረቤቱ ሁሉ አለ፤ አንዱ ይልጣል፣ አንዱ ኮኮናት ይፈገፍጋል። ወጡ አይማሰልም። የኮኮናቱ ወተት እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ዘይቱ ብቻ ድስቱ ሥር ሲቀር ደርሷል ማለት ነው፣ ስሙም፣ ዘይቱ ወደ ታች እንደማለት፣ ከዚያ መጣ። እናቷ ለእትዬ መጀመሪያ አወጣችላት፣ በዕድሜ ትልቋ እሷ ናትና። ማንም አልነገራትም። እትዬ ስትጎርስ ዓይኗ ሞላ።

አሁን ደግሞ ይሄን ስሙ። ካሪናጁ ዳር እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋ የክርስቶስ ሐውልት አለ፤ ፎቶ ተነስተንበታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1961 ቢያንካ ሲ የተባለች የጣሊያን መርከብ እዚያው ወደብ አፍ ላይ ተቃጠለች። ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ተሳፍሮባት ነበር። የከተማው ሰው ባገኘው ጀልባ ሁሉ ወጣ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም አተረፉ። ቤታቸው ወስደው አለበሷቸው፣ አበሏቸው። ሐውልቱን የመርከቡ ድርጅት ለምስጋና ነው የሰጠው። እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ጧት ለእነዚያ የተረፉ ሰዎች ሳልመን የቀረበላቸው ይመስላችኋል? የቤቱን ምግብ ነው የበሉት! ሰው ለማዳን የበቃ እጅ፣ እንግዳ ለመመገብ አይበቃም የሚለው ማነው?

ያ ምግብ ቤት ወደቡን ሸጠልን። ሰገነቱን፣ ጀልባውን፣ የአጥማጁን ፋኖስ ሳይቀር ሸጠልን። አጥማጁ ያወጣውን ዓሣ ግን እንድንቀምሰው እንኳ አልፈለገም። እኔ ይሄን ክብር አልለውም። በደል ነው። የአገራቸውን ምግብ ኮርተው የሚያቀርቡ ቤቶች እዚያው ደሴት ላይ እንዳሉም አይተናል፣ ስለዚህ አይቻልም የሚለኝ ሰው አይምጣብኝ። እኛስ እዚሁ ዋሽንግተን፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር በእጅ የሚበላ እንጀራ ዘርግተን ስንት ባለሥልጣን አጉርሰናል!

ሌሎች ሁለት ነገሮች ነበሩኝ። ስለ ጉርሻ፦ ሂሳቡ ላይ አገልግሎት ተብሎ የተደመረው ለልጆቹ መድረሱን ጠይቁ፣ ሁልጊዜ። ስለ ሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ዳኛው ይናገራል።

ወረቀቴ አልቋል። ጓዳ ውስጥ ሁለት ድስት አለ። ብሬድፍሩቱን ከካሪቢያኖች ሱቅ ገዛሁ፣ ቅጠሉንም አገኘሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሬ እሳቱ ሥር ነበርኩ። ለምትጾሙ ትንሹ ድስት ሥጋም ዓሣም የለበትም። እትዬ፣ ነይ፣ መጀመሪያ አንቺ አውጪ።