የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ መጻፍ ያዋጣል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራማችን የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ ስለ መጻፍ ብዙ ስልክ ተደውሎ ነበር። ሰዓት አጥሮን በችኮላ ያለፍናቸውን ጥያቄዎች እዚህ ዘርዘር አድርጌ መልሻለሁ።

ከጎንደር፦ «ለዘጠኝ ዓመት በአስጎብኚነት ሠርቻለሁ። አንድ የውጭ አሳታሚ የሰሜን ኢትዮጵያን ምዕራፍ እንዳድስለት 4,000 ዶላር እከፍላለሁ ብሎኛል። ወጪው በእኔ ነው። ልቀበል?»

ወንድሜ፣ 4,000 ዶላር ወደ ብር ሲመነዘር እንደሚያስጎመጅ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ እስክሪብቶ ያዝ። ስድስት ሳምንት መንገድ ላይ ቆየህ እንበል፤ 42 ቀን ነው። አልጋ፣ ምግብና መኪና በቀን 45 ዶላር ቢፈጅብህ 1,890 ወጣ። ለአገር ውስጥ በረራና ለልዩ ልዩ ወጪ 400 ጨምርበት። እጅህ ላይ የሚቀረው 1,710 ነው። ይህን ለ42 ቀን ካካፈልክ ራስህን ሸወድክ። ቤት ገብተህ የምትጽፍበት፣ ካርታ የምታርምበት፣ ለአርታኢው ጥያቄ መልስ የምትልክበት ሌላ ስድስት ሳምንት አለ። በ84 ቀን ሲካፈል በቀን 20 ዶላር ገደማ ይደርስሃል። ግብር ገና አልተነሳም። በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ይዘህ በቀን የምታገኘውን ከዚህ ጋር አስተያየው።

ሥራው ደግሞ ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ እያዩ መፈላሰፍ አይደለም። በአንድ ከተማ አሥራ አምስት ፔንሲዮን እየገባህ ሻወር ከፍተህ ሙቅ ውሃ መምጣት አለመምጣቱን ታያለህ። መናኸሪያ ሄደህ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ትጠይቃለህ። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ ትኬት ቆራጩ «11 ሰዓት» ሲለኝ እንዳለ ገልብጬ ጻፍኩት። እሱ ያለኝ ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጠዋት 5 መሆኑ ነው። መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው ስህተቱ የታየኝ። ስንቱ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ባዶ መናኸሪያ በር ላይ እንደቆመ እግዜር ይወቀው።

እና አትቀበል ልልህ ነው? አይደለም። አንተ መንገዱን ለእንጀራህ ስትመላለስበት ኖረሃል። የምዕራፉን ግማሽ እንግዳ ይዘህ ስትወጣ ማጣራት ከቻልክ ወጪህ በግማሽ ይወርዳል፣ ስሌቱም ይለወጣል። በዚያ ላይ ስምህ መጽሐፉ ላይ ሲወጣ እንግዳ ይጠራልሃል። አዲስ ተነስቶ ለዚህ ብቻ ብሎ ከቤቱ ለሚወጣ ሰው ግን አያዋጣም። ውሉ ላይ አንድ ነገር አስጨምር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሰሜኑ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት አይተሃል። መንገድ ቢዘጋ የማስረከቢያው ቀን እንደሚራዘም፣ እስከዚያ ለሠራኸውም እንደሚከፈልህ ይጻፍ። ክፍያው በሦስት ዙር ከሆነ ትልቁ ድርሻ መጨረሻ ላይ አይሁን። እኔ የመጨረሻዋን ዙር ስምንት ወር ጠብቄያታለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ «ቁርጥ ክፍያ ይሻላል ወይስ ሮያሊቲ?»

ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ የሚታሰብልህ ድርሻ፣ ጆሮ ላይ ደስ ይላል። መጽሐፉ 25 ዶላር ይሸጣል፣ ለአሳታሚው ግማሹ ይገባል፣ ያንተ ድርሻ ከዚያ ላይ 10 በመቶ ነው እንበል። ከአንድ ቅጂ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም መሆኑ ነው። ሦስት ሺህ ቅጂ ቢሸጥ 3,750 ዶላር፤ እሱም በዓመታት ተከፋፍሎ። ኢትዮጵያን የሚመለከት መጽሐፍ ደግሞ እንደ ፓሪሱ አይሸጥም። ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። ቢቢሲ የጉዞ መመሪያ አሳታሚውን ሎንሊ ፕላኔትን በ2007 እና በ2011 እ.ኤ.አ. በሁለት ዙር ጠቅልሎ ሲገዛ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አውጥቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. የሸጠው በ51 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ባለሀብቱ እንዲህ ከከሰረ፣ የኛን ሮያሊቲ አስበው።

ስለዚህ መጽሐፉ አዲስና ሙሉው ያንተ ከሆነ፣ ተመልሶ የማይጠየቅ ቅድሚያ ክፍያም ካለው፣ ሮያሊቲ ውሰድ። የሰው መጽሐፍ የምታድስ ከሆነ ቁርጡን ተቀበልና ጨርሰህ ውጣ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መሠረት ሰው አዝዞህ የሠራኸው ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአዛዡ ነው። ማስታወሻህን በኋላ ለራስህ መጽሐፍ ልትጠቀምበት ካሰብክ ዛሬውኑ አጽፈው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆቻችን፣ አገር ቤት ሲሄዱ የሚይዙት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ መመሪያ በራሴ ላሳትም አስቤያለሁ። ገንዘቤን አጣለሁ?»

እህቴ፣ ዛሬ ከሰማሁት ሁሉ የወደድኩት ሐሳብ የእርስዎ ነው። ገዢዎን ያውቁታል፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብዎ ይቆማል። ሐምሌ 4 በፈረንጆቹ ሲቃረብ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ላይም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየስቴቱ ይመጣልዎታል። በእጅዎ ሲሸጡ አከፋፋይ ድርሻ አይወስድብዎትም፣ ልዩነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ገንዘብ የሚበላው ብዙ ማሳተም ነው። ማተሚያ ቤቱ «ሁለት ሺህ ከሆነ የአንዱ ዋጋ ይረክሳል» ይልዎታል። እውነቱን ነው። ግን ምድር ቤትዎ የካርቶን መጋዘን ይሆናል። በ300 ይጀምሩ። በብር የተጻፈ ዋጋ ደግሞ አያስገቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ እኔ ያጣራሁት የዋጋ ዝርዝር በሳምንታት ውስጥ ታሪክ ሆኖ ቀረ። ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ ብለው ይለፉት። አያት ቤት ሲገባ እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ ሦስተኛው ስኒ ቡና ሳይጠጣ ለምን እንደማይወጣ፣ «ብላ ብላ» ሲበዛ ምን እንደሚባል ይጻፉ። ይህ አያረጅም፤ በሁለተኛው እትም አዲስ የማጣራት ወጪ አያስወጣዎትም።

ከሐዋሳ፦ «ሆቴሎች ለጸሐፊ በነፃ አልጋ ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁ። ወጪ አይቀንስም?»

ይቀንሳል። አንዳንድ አሳታሚ ግን ጨርሶ ይከለክላል፣ ከመቀበልህ በፊት ጠይቅ። እኔ በነፃ ባደርኩባቸው ሆቴሎች ሙቅ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ጋ ከወር በኋላ ስሜን ሳልናገር ከፍዬ ገባሁ። ጠዋት እንግዳ ተቀባዩ በባልዲ አመጣልኝ።