በሩ የሚዘጋው መቼ ነው?

ጎንደር፣ ለፋይናል ፈተና ፈታኞች በተሰጠ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተማሪ ተወካዮችም።

ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ። የማወራው አርፍዶ ስለሚመጣ ተፈታኝ ነው።

የለመድነው ደንብ ይታወቃል። ፈተና ከተጀመረ 30 ደቂቃ ካለፈ ማንም አይገባም። 30 ደቂቃ ሳይሞላም ማንም አይወጣም። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የሆኑት በምክንያት ነው። ጥያቄውን አይቶ የወጣ፣ ገና ካልገባው ጋር ውጭ እንዳይገናኝ ነው። የደንቡ ሥራ ይሄው ነው፤ ጥያቄ መጠበቅ። ሰው መቅጣት አልተጻፈበትም።

ታዲያ 10 ደቂቃ ያረፈደውን ለምን እንመልሰዋለን? «ሥርዓት ይማር» ብለን። አጠገቡ ያለው ፈታኝ ደግሞ 40 ደቂቃ ያረፈደችውን «ታሳዝናለች» ብሎ ያስገባል። ያው ኮርስ፣ ያው ኮሪደር! የተማሪው ዕድል በር ላይ በቆመው ሰው ጠባይ ተወሰነ ማለት ነው። ከሁለቱ እኔን የሚያስፈራኝ ደጉ ፈታኝ ነው። ቀድሞ የወጣ ሰው ካለ ጥያቄው አብሮት ወጥቷል። ሌሊቱን ሲያጠና ላደረው ልጅስ ማን ይዘንለት?

ስለዚህ እስከ 30ኛው ደቂቃ ይግባ። ተጨማሪ ሰዓት ግን የለም፤ የባከነበት ደቂቃ ይበቃዋል። ስሙና የገባበት ሰዓት ይመዝገብ። ከዚያ በኋላ በሩ ለማንም አይከፈት። የታመመ ወይም ሐዘን የገጠመው ማስረጃውን ይዞ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይሂድ፤ የሜካፕ፣ ማለትም የምትክ ፈተና፣ ጉዳይ እዚያ ይታያል። በር ላይ ችሎት አናቁም።

ደግሞ ያረፈደ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። የፈተና ፕሮግራም ላይ «8:30» ተብሎ ሲለጠፍ እስቲ አስቡት። በፈረንጅ ሰዓት ከተነበበ፣ በኛ ጠዋት 2:30 ማለት ነው። በኛ ሰዓት ከተነበበ ግን ከምሳ በኋላ ነው። ችግሩ፣ ሁለቱም ፈተና የሚሰጥባቸው ሰዓቶች ናቸው! ዕድሜውን ሙሉ በኢትዮጵያ ሰዓት የኖረ የአንደኛ ዓመት ልጅ ምሳውን በልቶ፣ እስክሪብቶውን ይዞ፣ እንዲያውም ቀደም ብሎ ይመጣል። ፈተናው ካለቀ ቆይቷል። ይህን ልጅ አርፋጅ ለማለት አፌ አይደፍርም። «ጠዋት 2:30፣ በኢትዮጵያ ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምን ያስከፍላል?

የክፍል ለውጥም እንዲሁ ነው። ማታ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ መልእክት ኔትወርክ ለሌለው አይደርስም። ሰሌዳም ላይ ይለጠፍ። ከአዘዞ በታክሲ የሚመላለሱ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች አሉን። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ባጃጅ ማግኘትም ዕድል ነው። እነሱም ቢሆኑ ቀደም ብለው ይውጡ፤ ዝናቡ ጎንደር ላይ ድንገተኛ እንግዳ አይደለም።

የመውጫ ፈተናው ለብቻው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ሚኒስቴር እየተመራ ይሰጣል። የመግቢያ ሰዓቱን የምንወስነው እኛ አይደለንም። ተመራቂዎች የኛን ግማሽ ሰዓት ተማምነው እንዳይሄዱ አደራ፣ ንገሯቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። 30 ደቂቃው የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው? ፕሮግራሙ 2:30 ይላል፤ ወረቀቱ ግን አንዳንዴ 2:45 ላይ ይታደላል። አንዱ ፈታኝ ከፕሮግራሙ ይቆጥራል፣ ሌላው ከታደለበት። ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ይጀምራል። ከታደለበት እንቁጠር። ወረቀት አድላችሁ እንደጨረሳችሁ ፈተናው የተጀመረበትንና በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፉ። ስልክ ውጭ ስለሚቀር ተማሪው ሌላ ሰዓት የሚያይበት የለውም።

የፈታኞች ድልድል መውጫው ላይ ተለጥፏል። ስሙን ያጣ ካለ ከመሄዱ በፊት ያናግረኝ። አመሰግናለሁ።