ለኤም ቢ ኤ ማመልከትና ቃለ መጠይቁ፦ እርጥብ ደንገል አትጠፍሩ

ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ ከባሕር ዳር ሆኖ ውጭ አገር ላለ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ለኤም ቢ ኤ፣ ማለትም ለቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ የሚያመለክት ሰው ምን ምን ማዘጋጀት እንዳለበት እናያለን። ማመልከቻውንም፣ ቃለ መጠይቁንም።

(ስክሪን ላይ፦ ጣና ዳር የቆመች የደንገል ታንኳ)

ይህችን ታንኳ ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃታል። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይታሰራል፣ ከዚያ እስሩ ከእስር ጋር ይጠፈራል። አንዱ እስር ለብቻው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው ግን አይሸከምም። ሰው የሚሸከመው ሁሉም አንድ ላይ ሲጠፈር ነው። ማመልከቻም እንዲሁ ነው። የፈተና ውጤት አንድ እስር፣ ሲቪ አንድ እስር፣ ድርሰት አንድ እስር፣ የአለቃ ምስክርነት አንድ እስር። ድርሰታችሁ «ዓላማዬ የግብርና ፋይናንስ ነው» እያለ ሲቪው ላይ ስለ ገበሬ አንድ መስመር ከሌለ፣ አለቃችሁም የጻፉት ስለ ሰዓት አክባሪነታችሁ ብቻ ከሆነ፣ እስሮቹ አልተጠፈሩም። ውኃው በመሃል ይገባል።

ደግሞ እርጥቡ ደንገል አለ። እርጥብ ደንገል ይከብዳል። ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው የተጻፈ ድርሰት እርጥብ ደንገል ነው፣ እመኑኝ። ጻፉት፣ ሁለት ሳምንት አስጡት፣ ተመልሳችሁ አንብቡት። ያኔ የትኛው ዓረፍተ ነገር በማንም ሰው ድርሰት ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ይታያችኋል። እሱን አውጡና እንደገና አስጡት። የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ የማመልከቻ ዙር የሚዘጋው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው፤ ሁለተኛው በገና ሰሞን። ዶሮው ሲወጠወጥ ድርሰት ይጻፋል? አይጻፍም። ቀደም በሉ።

ፈተናውን ቶሎ ልለፈው፤ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። የአሁኑ ጂማት፣ ማለትም የቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው፣ ሦስት ክፍል፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ በድምሩ 2 ሰዓት ከ15። ውጤቱ ከ205 እስከ 805፤ የዛሬው 645 የድሮውን ጂማት 700 ያህላል፣ ስለዚህ በድሮው ሠንጠረዥ ራሳችሁን አትለኩ። ካልኩሌተር ዳታ በሚተነተንበት ክፍል ብቻ ነው፣ በየክፍሉ ቢበዛ 3 መልስ ትቀይራላችሁ፣ ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል። አገር ውስጥ ለድኅረ ምረቃ የምንፈተነው ጋት ይህንን አይተካም። አንድ ነገር አደራ፦ ስትመዘገቡ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። የአያት ስም ላይ አንድ ፊደል ከተለየ ከፈተናው በር ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ የከፈላችሁትም ይቀራል።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ። ኮሜንት ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር አለ፦ «ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ስጡን፣ እንሸመድዳለን።» እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ጎበዝ ልጆችን የሚጥለው ይኼው ነው።

ቃለ መጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ 30 ደቂቃ አካባቢ ነው። ጠያቂው በአንዳንዱ ትምህርት ቤት ሲቪያችሁን ብቻ ነው ያየው፤ በአንዳንዱ፣ ለምሳሌ በሃርቫርድ፣ ማመልከቻውን በሙሉ አንብቦ ነው የሚመጣው። ሌላው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ዋርተን ደግሞ አመልካቾችን ሰብስቦ በቡድን ያወያያል። በሦስቱም የተሸመደደ መልስ የሚሠራው ለመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚወለደው ከመልሳችሁ ነው፤ እሱን ማን ያሸመድዳችኋል?

አንድ የባንክ ብድር ሠራተኛ እንውሰድ። «ቡድናችን የብድር አመላለሱን አሻሻለ» አለ። ጠያቂዋ «አንተ ምን አደረግክ?» አለችው። ዝም። ልጁ ሥራ አልሠራም ማለት አይደለም። «እኔ ሠራሁት» ማለት ነውር ሆኖበት፣ ያደገበት ትሕትና ይዞት ነው። እዚያ ወንበር ላይ ግን የሚለካው የእናንተ ውሳኔ ነው። እንዲህ ቢልስ? «የዘገዩትን ፋይሎች አንድ በአንድ አየሁ። ብዙዎቹ የፎገራ ሩዝ ገበሬዎች ናቸው፤ የክፍያው ቀን ጥቅምት ነው፣ ሩዙ ግን ገና ማሳ ላይ ነው። ቀኑ ወደ ጥር እንዲዛወር ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ እምቢ አሉ። በስድስት ተበዳሪዎች ብቻ እንሞክረው አልኳቸው።» ይኼ ልጅ አሥር ጊዜ ቢጠየቅ አሥር ጊዜ ይመልሳል፣ የኖረበት ነዋ!

ስለዚህ ዓረፍተ ነገር አትሸምድዱ፣ ገጠመኝ ያዙ። ስድስት ያህል ይበቃል፦ የመራችሁበት፣ የወደቃችሁበት፣ ከሰው የተጋጫችሁበት፣ ሐሳባችሁን የቀየራችሁበት፣ እንዲህ እያላችሁ። እያንዳንዱን በሁለት ደቂቃ ተናገሩና በስልካችሁ ቅዱት። ስታዳምጡት መግቢያው ግማሹን ጊዜ ከበላው ቁረጡት፤ ሰው የሚጠብቀው ምን እንደወሰናችሁ ነው። እንግሊዝኛው ይንተባተብ፣ ግድ የለም። ፍሬው ይኑር። (እስካሁን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ የምስክርነት ደብዳቤን ለብቻው እንመጣበታለን።)

የመጨረሻው ነጥብ ሰዓት ነው፣ የምር ሰዓት። ከጠዋቱ 10፡00 በኒው ዮርክ ማለት በክረምታቸው እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ግን 11 ሰዓት ይሆናል። የሚቀይሩት በማርች ሁለተኛ እሑድ ነው፣ ልክ የሁለተኛው ዙር ቃለ መጠይቅ ሰሞን። በኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ይመልሱታል፣ እሱም የመጀመሪያው ዙር ሰሞን። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ፣ በእኛም ጻፉ፣ አጠገባችሁ ላለ ሰው አስነብቡ።

ሐይቅ ዳር ካፌ ውስጥ አትቀመጡ፤ ድምፁ አያስወራም። ቤት ውስጥ፣ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ፣ ከዋይፋዩ ሌላ የሞባይል ዳታ ስልክ ላይ ይኑር። ከአንድ ቀን በፊት ለትምህርት ቤቱ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ በዚህ ስልክ ቁጥር ታገኙኛላችሁ በሉ። ቁጥሩን ከ251 ጀምራችሁ ጻፉት።