ለመርከብ የተዘፈነ ውዳሴ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

ልጆቹ ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት የምሽቱን የመጀመሪያ ዘፈን ለምን እንደመረጥን ልንገራችሁ። አሜሪካዊው የፎክ ዘፋኝ ጆን ዴንቨር እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው “ካሊፕሶ” ነው።

ካሊፕሶ መርከብ ናት። የተሠራችውም እዚሁ ሲያትል፣ ባላርድ ሰፈር ነው። በ1942 ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ ሆና ከእንጨት ተሠራች። ጦርነቱ ሲያበቃ በማልታና በጎዞ ደሴቶች መካከል ሰው ስታመላልስ ቆይታ፣ በ1950 ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እጅ ገባች። ኩስቶ ከፊቷ፣ ከውኃው በታች፣ የመመልከቻ ክፍል አስገጠመላት። ጠላቂው በጠባብ ቱቦ ቁልቁል ይወርድና መርከቧ እየተጓዘች በክብ መስኮት ዓሣውን ፊት ለፊት ያየዋል። የመጀመሪያ ትልቅ ጉዞዋም ወደ ቀይ ባሕር፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት እንደ ድንጋይ ወደገነቧቸው ኮራሎች ነበር። በሱዳን በኩል የመጣችሁ ፖርት ሱዳንን ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ብዙም በማይርቀው ሻዕብ ሩሚ የኩስቶ ሰዎች በ1963 ከባሕር በታች ቤት ሠርተው ለአንድ ወር ያህል ኖረውበታል። ቅሪቱ ዛሬም እዚያው አለ።

ኩስቶ ከጅምሩ የባሕር ጠበቃ አልነበረም። በ1956 በተሸለመው ፊልሙ ሰዎቹ ዓሣ ለመቁጠር ብለው ኮራሉን በድማሚት ሲያፈነዱ ይታያሉ። ደግነቱ ያየው ነገር ለወጠው። በ1960 የኑክሌር ቆሻሻ ሜዲትራኒያን ውስጥ እንዳይጣል ተነሥቶ ተሟገተ።

ዴንቨር የዘፈነው ለዚህ ሰውና ለመርከቡ ነው። ስንኞቹ ዝግ ብለው ይሄዳሉ፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ከደረቱ ተነሥቶ ድንገት ወደ ቀጭን ይሰበራል፤ ዮድል የሚሉት የአልፕስ እረኞች ጥሪ ነው። እኛም አገር ሰው ከገደል ወዲያ ማዶ ሲጣራ እንዲሁ ነው። ልጆቹ ይህቺን ቦታ ለመያዝ ብዙ ደክመዋል፤ ጆሯችሁን ስጧቸው።

እኛ ዘንድ አዝማሪ ያወድሳል፣ ተወዳሹ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ዴንቨር አወድሶ ሸላሚውም ራሱ ሆነ፤ ከዘፈኑ የሚያገኘውን ገቢ ለኩስቶ ማኅበር ሰጠ። ከዘፈኖቹ ሁሉ ይህን አብልጬ የምወደው በዚህ ነው። መርከብ በጭብጨባ አትሄድም፤ ነዳጅ ትፈልጋለች፣ ጥገና ትፈልጋለች፣ ባሕርተኞቿ ደመወዝ ይፈልጋሉ።

እኛም ከባሕር ዳር ነው የምንኖረው። ከከተማችን ፊት ለፊት ባለው በፒዩጀት ሳውንድ የሚመላለሱት፣ ሳልመን የተባለውን ዓሣ እየበሉ የሚኖሩት ኦርካ የተባሉ ትላልቅ የባሕር እንስሳት ከ80 በታች ወርደዋል። ሳልመኑ እያነሰ፣ ውኃው እየተበከለ፣ የመርከቦች ጩኸት አደናቸውን እያወከባቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ በር ላይ የከፈላችሁት በሙሉ ሳልመን የሚራባባቸውን ጅረቶች ለሚያጸዱ በጎ ፈቃደኞች ይውላል። መጨመር ለምትፈልጉ፣ ሣጥኑ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ልጆች፣ ውጡ!