ላብራቶሪው የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው

እንደምን አላችሁ፣ ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? እሺ እንጀምር፣ ዛሬ የምናወራው የእንስሳት ሰገራ ውስጥ ቫይረስ ስለመፈለግ ነው።

ቋንቋችን በሰገራ ጉዳይ ሀብታም ነው። የላም ከሆነ እበት፣ የአህያ ከሆነ ፋንድያ፣ የፍየል በጠጥ፣ የዶሮ ኩስ እንላለን፣ ላብራቶሪ ሲደርስ ግን ሁሉም በቃ "ናሙና" ይሆናል። ዕድሜው ስንት ነው፣ ተቅማጡ መቼ ጀመረ፣ ተከትቧል ወይ፣ ይሄ ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቶ ቱቦዋ ብቻ ትመጣለች። ስለዚ ዛሬ ስለ ማሽን ብዙ አላወራም፣ ስለሚቀረው ነገር ነው የማወራው።

አንድ ቡችላ ነበር። ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ባለቤቷ ተጨንቃለች። ራፒድ ቴስት (በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጠውን ምርመራ) ሠራሁ፣ ቫይረስ አለ የምትለው ሁለተኛዋ መስመር ታየች ግን ፈዛዛ ናት፣ ካሴቱን ወደ መብራት አዘንብዬ ነው ያየኋት፣ ፓርቮ (የውሻ አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ) ብዬ ጻፍኩ። ለብቻው ተደረገ፣ ሴትዮዋ አለቀሰች። ማታ ላይ የክትባት ካርዱ ሲመጣ ከ6 ቀን በፊት የፓርቮ ክትባት ተወግቷል! ክትባቱ የተዳከመ ይሁን እንጂ በሕይወት ያለ ቫይረስ ነው፣ አንጀት ውስጥ ይባዛል፣ ከተወጋ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት በሰገራ ይወጣል፣ ቴስቱም ያንን ሊያነሳ ይችላል። በማይክሮስኮፕ ስናይ ሰገራው የትል እንቁላል ሞልቶበታል። ቴስቱ'ኮ አልዋሸም፣ ቫይረስ አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ፣ አለ አለ። ቡችላውን ያሳመመው ምንድነው ብሎ የጠየቀው ሰው ግን የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ጥጃ ላይ ደሞ እንምጣ። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ሲያስቀምጠው ሁላችንም ቶሎ የምናስበው ሮታ የሚባለውን የተቅማጥ ቫይረስ ነው። በነገራችን ላይ የሰው ሐኪሞች ቅር እንዳይላቸው እንጂ በዚ እኛ የእንስሳት ሰዎች ቀድመናቸዋል፣ በፈረንጆቹ 1969 አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ በሚያስቀምጣቸው ጥጆች ላይ ተገኘ፣ ሩት ቢሾፕ የምትባል ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቿ አውስትራሊያ ሜልቦርን ውስጥ ሕፃናት ላይ ያዩት በ1973 ነው። ሮታ በላቲን መንኮራኩር ማለት ነው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደዛ ስለሚመስል። ያ ማይክሮስኮፕ በሚሊሊትር 1 ሚሊዮን ገደማ ቅንጣት ካልኖረ ምንም አያሳይም፣ ታዲያ እንዴት አገኙት ካላችሁ ሮታ በሽታው በሚበረታበት ሰሞን በአንድ ግራም ውስጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ ሊወጣ ስለሚችል ነው። ከዛ በኋላ ግን ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚ በመጀመሪያው ወይ በሁለተኛው ቀን የተወሰደ አንድ ማንኪያ፣ ጥጃው ድኖ ሲቦርቅ ከግድግዳ ተፍቆ ከሚመጣልኝ ባልዲ ሙሉ እበት ይሻለኛል (ባልዲ ስል እየቀለድኩ አይደለም፣ መጥቶልኛል)።

የፒሲአር (የቫይረሱን ጄኔቲክ ነገር በየዙሩ እያባዛ የሚፈልገው ምርመራ) ችግሩ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ከሚገባው በላይ ያያል። በየዙሩ እጥፍ ስለሚያደርግ በ18ኛው ዙር የወጣ ናሙናና በ36ኛው ዙር የወጣ ናሙና መካከል ከ260,000 እጥፍ በላይ የቫይረስ መጠን ልዩነት አለ፣ ብዙ ያለበት ቀድሞ የወጣው ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም "ፖዘቲቭ" ተብለው ነው የሚወጡት። ጤነኛ ጥጃም ላይ ትንሽ ትንሽ ሮታ ይገኛል፣ የታመመውም ላይ ከሮታው ጋ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ ኮሮና፣ ኢ ኮላይ ምናምን የሚባሉ ሌሎች ጀርሞች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። እና ዙሩ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁን፣ ካልተናገርን ደውሉና ጨቅጭቁን።

ነጌቲቭም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም። እበት ውስጥ ያለው የሐሞት ጨው፣ ከተክል የሚመጣው ነገር ሁሉ ፒሲአሩን ያንቀዋል። ለዚህ ነው የምናውቀውን ሌላ ጄኔቲክ ነገር አብረን የምንጨምረው፣ እሱም ካልወጣ ውጤቱ ነጌቲቭ ሳይሆን "ቴስቱ አልሠራም" ነው። ያኔ አሥር እጥፍ አቅጥነን እንደግመዋለን፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ቀጥኖ የተሻለ ይወጣል ስንል አዲስ ልጆች ግራ ይገባቸዋል፣ የቀጠነው ግን አናቂውም ጭምር ነው።

የዱር እንስሳት ላይ ስንመጣ ጨዋታው ይለወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንስሳውን አትነኩትም። ለሌሊት ወፍ፣ ከሚንጠለጠሉበት ሥር ንጹህ ላስቲክ ታነጥፋላችሁ፣ ንጋት ላይ ሲመለሱ ከላይ ይንጠባጠባል፣ ትንንሽ ጥቁር ፍሬ ነው የሚመስለው፣ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ትለቅማላችሁ። በ2006 የኤችአይቪ-1 ዋናው ቡድን ከደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ቺምፓንዚዎች እንደመጣ የተደረሰበት ከጫካ በተለቀመ የቺምፓንዚ ሰገራ ነው፣ የአንጀት ቫይረስ ባይሆንም ከሰገራ ምን ያህል ማወቅ እንደሚቻል ያሳያል። ግን መጀመሪያ የማን ነው የሚለው መጣራት አለበት፣ የጅብ ነው ብላችሁ የላካችሁት የውሻ ሊሆን ይችላል፣ እሱን በዲኤንኤ እናያለን። ከዛ ደሞ ውስጡ ያለው ቫይረስ ራሱ የእንስሳው ነው ወይስ የበላው ነገር? ነፍሳት የሚበላ የሌሊት ወፍ ሰገራ ውስጥ የነፍሳት ቫይረስ ሞልቷል። ሰው ሰገራ ውስጥም ቃሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ በብዛት ይገኛል፣ ሰውየው የቃሪያ በሽታ ያዘው አንልም መቼም።

አሁን በጣም የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁና ልጨርስ። በ2016 መጨረሻ አካባቢ ቻይና ጓንግዶንግ ውስጥ የአሳማ ግልገሎች በተቅማጥ ማለቅ ጀመሩ። ሲመረመር ፒኢዲ የሚባለው የታወቀው የአሳማ ኮሮና ቫይረስ ተገኘ፣ በቃ ተባለ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ግን ፒኢዲ ከናሙናው ጠፋ፣ ግልገሎቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም። እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው፣ ነጌቲቭ ነው ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እዛ የነበሩት ተመራማሪዎች ግን የታወቀ ስም መጥራት ትተው ናሙናው ውስጥ ያለውን ጄኔቲክ ነገር ሁሉ አነበቡ፣ ሳድስ (SADS) የተባለ አዲስ ኮሮና ቫይረስ ወጣ፣ በጠቅላላው 24,000 ምናምን ግልገል አልቋል። ከየት መጣ ሲባል ደሞ ከ2013 እስከ 2016 ከሌሊት ወፎች የተወሰዱ ስዋቦች (በጥጥ ዱላ የሚወሰድ ናሙና) ተቀምጠው ነበር፣ ሲመረመሩ በጣም የሚመሳሰል ቫይረስ ተገኘባቸው። እነዛን ስዋቦች የሰበሰበው ሰው ለአሳማ ግልገሎቹ ብሎ አልነበረም፣ የሰበሰበው ግን በደንብ ጽፎ፣ በደንብ አቀዝቅዞ ነው።

እና ከሻይ በኋላ ስትወጡ ጠረጴዛው ላይ ቱቦ፣ የበረዶ ሳጥንና ፎርም አለ። ፎርማሊን ውስጥ አትክተቱብኝ፣ ፒሲአሩን ያበላሽብኛል። በበረዶ ይምጣ፣ ከአንድ እንስሳ ሁለት ቱቦ ሙሉ፣ አንዷን እኛ እንሠራባታለን፣ አንዷ ፍሪዘር ትገባለች። ቱቦው ላይ የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይለቃል፣ ባለፈው ስማቸው የለቀቀ 12 ቱቦ መጥቶልኝ እስካሁን የማን እንደሆኑ አላወቅኩም። እርሳሱም እዛው አለ፣ ተቀርጿል።