ግሩፕ ላይ ስንጨዋወት እንደ ቡናው ቢሆንልን

ሰላም፣ ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች! ደሴዎች፣ ጉሙ እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ ስለ ግሩፕ ነው። የእድር ግሩፕ፣ የሰፈር ግሩፕ፣ የአብሮ አደግ ግሩፕ... የሌለው የለም።

እስኪ የኛን የወሎን ቡና አስቡት። ረከቦቱ ቀርቧል፣ እጣኑ ይጨሳል። አንድ ሰው አቦል መሃል ደረሰ። ገባሁ ብሎ ወሬውን አይዘረግፍም። ሰላምታ ይሰጣል፣ ይቀመጣል፣ ጨዋታው የት እንደደረሰ ያዳምጣል። አንዷ የልጇን ሕመም እያወራች የበግ ዋጋ አያነሳም። ቶና ሲደርስ ይጫወታል፣ በረካ ላይ ይመራረቃሉ። ያጠፋም ካለ ሰው ፊት አይዋረድም፤ ለብቻው ተጠርቶ ይመከራል። ይሄን ሁሉ እናውቅበታለን እኮ! ታዲያ ስልክ ስንይዝ የት ይገባል? አንዱ ለቅሶ ይናገራል፣ ከሥሩ ሌላው የሚሸጥ ሶፋ ይለጥፋል። በጣም ነው የሚያመኝ።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ቶሎ ልበል። ለአንድ ሰው ስትመልሱ መልእክቱን ይዛችሁ ሪፕላይ በሉ። የሁለት ሰው ጉዳይ በውስጥ መስመር ይለቅ። ረጅም ቮይስ ስትልኩ ስለ ምን እንደሆነ አንድ መስመር ጻፉ። ከበዛባችሁ ሚዩት አድርጉት፣ ማንም አያይባችሁም። አድሚኖች፣ ቴሌግራም ላይ ስሎው ሞድ፣ ማለትም አንድ ሰው ቶሎ ቶሎ እንዳይጽፍ የሚገድብ፣ አለላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው! ብዙዎቻችሁ «ዋትስአፕ ላይ ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ሁለት ቀስት ካለው የተረጋገጠ ወሬ ነው» ትላላችሁ። አይደለም! ኧረ አይደለም! ቢያንስ 5 ጊዜ ከቻት ወደ ቻት ተቀባብሏል ማለት ብቻ ነው። እንዲያውም ዋትስአፕ በኮሮና ጊዜ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ እንዲህ ያለው መልእክት በአንዴ ወደ 1 ቻት ብቻ እንዲላክ የገደበው ወሬው እንዳይዛመት ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለው «ሐረጎ ላይ መንገድ ተዘግቷል፣ እንዳትንቀሳቀሱ» የሚል መጣ እንበል። ቀን የለው፣ ያየ ሰው የለው። የዛሬ ይሁን የአምና ክረምት አይታወቅም። ኮምቦልቻ ያለች እናት ግን ደሴ የሐኪም ቀጠሮዋን ትታ ትቀራለች። ስለዚህ የላከላችሁን ጠይቁት፤ «አንተ ራስህ አየኸው? መቼ?» ካላየ፣ እናንተ ጋ ይቁም። ከላካችሁት በኋላ ሐሰት ከሆነ ደግሞ አጥፍታችሁ ዝም አትበሉ። ያነበበው አንብቦታል። «የላክሁት ትክክል አይደለም፣ መንገዱ ክፍት ነው» ብላችሁ እዚያው ግሩፑ ላይ ጻፉ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ይሄን ቪዲዮም ለአድሚኖቻችሁ ላኩላቸው። በሚቀጥለው ሰው ከግሩፕ ስለማስወጣት እናወራለን።