ስምንት ጎን ያለው ጀግና

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የቅርፃ ቅርጽ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሐውልት ነው። የብዙ ሐውልት ስም ጠርቶ አንዱንም ሳያዩ ከመለያየት፣ አንዱን ዞር ዞር ብሎ ማየት ይሻላል ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሐውልቱ ያለው ጣሊያን፣ ፍሎረንስ፣ ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ አደባባይ ላይ ነው። በአደባባዩ ዳር ሎጂያ ዴይ ላንዚ የሚሉት፣ ሰፋፊ ቅስቶች ያሉት፣ ፊቱ ክፍት የሆነ አዳራሽ አለ። ከአንዱ ቅስት ሥር ፐርሲየስ ቆሟል። በቀኝ እጁ ጎራዴ ይዟል። በግራው የሜዱሳን የተቆረጠ ራስ ከፍ አድርጎ አንጠልጥሏል። የሠራው ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ነው፤ ከነሐስ። ከነመቆሚያው ከአምስት ሜትር በላይ ይረዝማል።

ተረቱን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሜዱሳ ጸጉሯ እባብ የሆነ፣ ፊቷን ያየውን ሁሉ ድንጋይ የምታደርግ ፍጡር ናት። ፐርሲየስ በቀጥታ አላያትም። በጋሻው ላይ ነጸብራቋን እያየ ተጠጋና አንገቷን ቀላው።

ሥራውን በ1545 ያዘዘው የፍሎረንስ መስፍን ኮዚሞ ደ ሜዲቺ ነው። ኮዚሞ ሥልጣን ሲይዝ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የከተማዋ ሪፐብሊክ ከወደቀ ብዙም አልቆየም፤ ትዝታው ትኩስ ነው። አደባባዩም የሪፐብሊኩ አደባባይ ነበር። የማይክል አንጄሎ ዳዊት ከ1504 ጀምሮ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ዛሬ በቦታው ያለው ቅጂ ነው። ዶናቴሎ በነሐስ የሠራት የመጽሐፍ ቅዱሷ ዮዲትም ነበረች። ዮዲት የሆሎፎርኒስን አንገት ስትቆርጥ የሚያሳየው ይህ ሥራ መጀመሪያ የሜዲቺዎች፣ የኮዚሞ ቤተሰብ፣ ንብረት ነበር። እነሱ ከከተማው ሲባረሩ ሕዝቡ በ1495 ከቤታቸው አውጥቶ አደባባይ አቆመው፤ አምባገነን ሆይ መጨረሻህን እይ ለማለት።

ኮዚሞ መልስ ያዘዘው ለዚህ ነው። ዮዲት የገዢውን አንገት ቆርጣ ቆማለች። አሁን ደግሞ ገዢውን የሚወክል ጀግና የጠላቱን አንገት ቆርጦ መጣ። መልእክቱ ማስፈራሪያ ነው፤ ይህን ሸፋፍነን ማለፍ የለብንም። አንድ ብልሃትም አለበት። በአካባቢው ያሉት ትልልቆቹ ሐውልቶች፣ ዳዊትም የባንዲኔሊ ሄርኩለስም፣ እብነ በረድ ናቸው። ሜዱሳ ያየቻቸው ይመስል ሁሉም ድንጋይ ሆነው ቀርተዋል። ነሐሱ ጀግና ብቻ ሕያው ነው።

ግን ቼሊኒ ማስፈራሪያ ብቻ ሠርቶ አልተወም። ቀረብ ብላችሁ ሁለቱን ፊቶች አስተያዩ። የገዳዩና የሟቿ ፊት የአንድ እናት ልጆች ያህል ይመሳሰላል። ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ታች ሰብረዋል። ፐርሲየስ ፊት ላይ ፈንጠዝያ የለም። ወደ እግሩ ሥር ውረዱ። የሜዱሳ ገላ ተጣጥፎ ወድቋል። አንዱ ክንዷ ከመቆሚያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ከአንገቷ የሚወጣው ደም በነሐስ ተሠርቷል፤ ወፍራም ወፍራም ሆኖ፣ ሲፈስ እንደረጋ። እኔ ይህን ገላ ሳይ ጀግናውን እረሳዋለሁ። ቼሊኒም እንድንረሳው የፈለገ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እናንተ ሙያ ልምጣ። ቼሊኒ በሙያው ወርቅ አንጥረኛ ነበር። የተጠቀመው የሰም ዘዴ ነው። በሸክላ አካል ላይ ሰም ትለብጣለህ፤ በሰሙ ላይ እንደገና ሸክላ ታለብሳለህ፤ በእሳት ሰሙን አቅልጠህ ታወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ታፈስሳለህ። መስቀል የሚሠሩ አንጥረኞቻችንም ይህን ዘዴ ያውቁታል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ያን የሚያህል ገላ፣ የተዘረጋ ክንድና የተንጠለጠለ ራስ ይዞ፣ በአንድ ጊዜ ሲፈስስ አስቡት!

የሆነውን ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። ቼሊኒ ራሱን ማሞገስ የሚወድ ሰው ነው፤ ቢሆንም ያ ቀን ከሥራ ሰው አፍ የወጣ መሆኑ ያስታውቃል። እቶኑ ከመጠን በላይ ነዶ የሥራ ቤቱ ጣሪያ በእሳት ተያያዘ። በሌላ በኩል ነፋስና ዝናብ እየገባ እቶኑን ያቀዘቅዘዋል። እሱ በትኩሳት ተንዘፍዝፎ አልጋ ላይ ወደቀ። ተኝቶ ሳለ ሥራው ተበላሽቷል ብለው ነገሩት። ከአልጋው ዘሎ ተነሥቶ ሲሮጥ መጣ። ነሐሱ ረግቶ ነበር። ከጎረቤት የደረቀ የኦክ እንጨት አስመጣና እሳቱን አጋለው። ነሐሱ ቀለጠ፤ ግን እንደልብ አልፈስ አለ። ያኔ የቤቱን የቆርቆሮ (የቲን) ሳህን፣ ጎድጓዳውንም ዝርጉንም፣ ወደ 200 የሚሆን ዕቃ አስጭኖ ወደ ቀለጠው ብረት ወረወረው። ቆርቆሮ ነሐስን ያቀጥነዋል። ፈሰሰ።

መስፍኑ ቀድሞ ያ ከላይ ያለው የሜዱሳ ራስ በፍጹም አይወጣም ብሎት ነበር። ቼሊኒ ደግሞ አይ፣ የሚያስቸግረው የቀኝ እግሩ ነው ብሎ መለሰ። ሸክላው ሲሰበር ራሱ ያለ እንከን ወጥቷል። የጎደለው የቀኝ እግሩ ጣቶችና ከነሱ ከፍ ያለው ጥቂት ቦታ ነበር። እሳትና ብረት በሸክላ ውስጥ እንዴት እንደሚሄዱ እንደዚያ ማወቅ ከመጽሐፍ አይገኝም።

ሐውልቱ በሚያዝያ 1554 ተገለጠ። ሕዝቡ ግጥም እየጻፈ ይለጥፍ ጀመር። መስፍኑ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ከለል ብሎ ሰው የሚለውን ያዳምጥ ነበር። ሲወደድለት ደስ አለው። ለክፍያ ግን እጁ አልፈታም፤ ቼሊኒ 10,000 ስኩዲ (የዘመኑ ገንዘብ) ጠይቆ 3,500 ተፈረደለት፤ እሱንም ቆራርጠው ነው የሰጡት።

ቼሊኒ ስለ ሙያው የሚለው አንድ ነገር አለ። ሐውልት ስምንት እይታ ሊኖረው ይገባል፤ ስምንቱም እኩል ጥሩ መሆን አለባቸው ይላል። ማኒየሪዝም በሚባለው በዚያ ዘመን ስልት ገላው የሚጣመመው፣ ክንዱ ወዲህ ጭኑ ወዲያ የሚሄደው፣ ተመልካቹ እንዲዞር ነው። ጃምቦሎኛ የተባለው ቀራፂ በ1560ዎቹ ቦሎኛ ከተማ አደባባይ ላይ ያቆመው ኔፕቱንም እንዲሁ ነው። አደባባይ ላይ ሰው ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል፤ ፊት ለፊት ብቻ የተሠራ ሐውልት ለግማሹ መንገደኛ ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው። ፐርሲየስን ከኋላ ያየ ሰው የራስ ቁሩ ላይ ጺማም ፊት ያገኛል፤ ብዙዎች ቼሊኒ ራሱ ነው ይላሉ። ደረቱ ላይ ባለው ጠፍር ደግሞ ስሙን ቀርጾበታል። ፎቶ ይህን ሁሉ አያሳይም።

ሳልናገር የማልወጣው አንድ ነገር አለ። ከመቆሚያው በታች፣ በሰው ዓይን ትክክል፣ የነሐስ ሪሊፍ፣ ማለትም ከጠፍጣፋ ገጽ ላይ ጎልቶ የወጣ ቅርጽ፣ አለ። አሁን እዚያ ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው ባርጄሎ ሙዚየም ይገኛል። ፐርሲየስ ከሰማይ እየበረረ መጥቶ ለባሕር አውሬ የታሰረችውን አንድሮሜዳን ያድናል። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። ግሪኮቹ ኢትዮጵያ ሲሉ የዛሬውን ካርታችንን ማለታቸው አልነበረም፤ ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ የጥቁር ሕዝብ አገር በደምሳሳው ነበር የሚጠሩት። የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ በአንድ ግጥሙ መልኳ እንደ አገሯ ሰው ጠይም ነበር ይላል። የቼሊኒዋ አንድሮሜዳ ግን የፍሎረንስ ልጅ ትመስላለች። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያው ኮዚሞ በዚያው በ1550ዎቹ የታላላቅ ሰዎችን ምስል በቅጂ ማሠራት ጀምሮ ነበር፤ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ከሣላቸው መካከል የእኛው አፄ ልብነ ድንግል ይገኙበታል። ሥዕሉ ዛሬ ከሎጂያው ጎን ባለው ኡፊዚ ሙዚየም ነው ያለው። እውነተኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ በሥዕል እዚያው ሳሉ፣ የተረቷ ልዕልት በሌላ ሰው መልክ ተሠርታ ቀረች። ፍሎረንስ የምትሄዱ ሁለቱንም በአንድ ቀን እዩ፤ በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው።

ፍሎረንስ እስክንደርስ የእኛው አደባባዮች አሉ። ተማሪዎች፣ የቤት ሥራችሁ ይኸው ነው። አራዳ ጊዮርጊስ ያሉትን ዳግማዊ ምኒልክን ወይም አቡነ ጴጥሮስን ምረጡ። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ዙሩ። ስምንት ቦታ ቆማችሁ ስምንት ጊዜ ሣሉ። በሚቀጥለው ስንገናኝ ከሁሉም በፊት የማየው ከኋላ የሣላችሁትን ነው።

አመሰግናለሁ።